«እናትህን ላገናኝህ» ከማለቱ በፊት፦ አባትን እንዴት እናመስግን?

ከአባቴ ጋር በስልክ የምናወራው ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም ነበር። ንግግሩን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ለዓመታት አልተቀየረማ።

«ሃሎ፣ አባዬ ደህና ነህ?»

«ደህና። ልጆቹስ?»

«ደህና ናቸው።»

«ሥራ?»

«ጥሩ ነው።»

«በል እናትህን ላገናኝህ።»

አለቀ። እናቴ ስልኩን ትቀበልና ግማሽ ሰዓት እናወራለን። እሱ ታዲያ አይሄድም። ከጎኗ ቁጭ ብሎ «መኪናዋን አሠራት ወይ በይው»፣ «ትንሿን ልጅ ሳሉ ለቀቃት?» ሲላት ይሰማኛል። ሰውዬው ማወቅ የሚፈልገው ነገር ሞልቷል። እኔም ልነግረው የምፈልገው ሞልቷል። አንድ ቋንቋ እየተናገርን በመሃላችን አስተርጓሚ ያስፈልገን ነበር።

አሁን እንደዚያ አይደለም። አባቴ ወሬኛ አልሆነም፣ እኔም አልተለወጥኩም። ግን እንዴት እንደማመሰግነው በብዙ ስህተት ተማርኩ። ለሌላ ሰውም ከጠቀመ ብዬ ነው የምጽፈው። ባለሙያ አይደለሁም፤ የሁለት ልጆች አባትና የአንድ ዝምተኛ ሰው ልጅ ነኝ። ደግሞ እኔ አባቴን «አንተ» ነው የምለው፤ «አንቱ» የምትሉ የምጽፋቸውን ነገሮች ወደ አፋችሁ አምጡና አስተካክሏቸው።

«ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» አይሠራም

የመጀመሪያው ሙከራዬ እሱ ነበር። ከሆነ ግሩፕ ላይ ስለ አባት የተጻፈ ረጅም ነገር አገኘሁ። አባት የቤት ምሰሶ ነው፣ አባት ጥላ ነው፣ አባት ምናምን። መጨረሻው ላይ አበባና ልብ ተደርድሮበታል። «ስለ ሁሉም ነገር አመሰግናለሁ» የሚል ጨመርኩና ላክሁለት። መልሱ በማግስቱ መጣ።

«እሺ።»

ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ሌላ ምን ይበል? ምሰሶ ነህ የተባለ ሰው ምን ብሎ ይመልሳል? ያ ጽሑፍ ለማንም አባት ሊላክ ይችላል፣ ለብዙዎችም ተልኳል። ስለ እሱ አንዲት ቃል አልነበረችበትም።

ስለዚህ ከምስጋናው በፊት ማየት ይቀድማል። ወረቀት ያዙና አባታችሁ ያደርጋቸው የነበሩ ነገሮችን ጻፉ። «ደግ»፣ «ታታሪ»፣ «ጠንካራ» የሚሉትን ቃላት ለጊዜው አስቀምጧቸው። ድርጊት ብቻ። ይቆልፋል። ይጠግናል። ብርድ ልብስ ያለብሳል። ሳንቲም ቆጥሮ ኪሱ ይከታል። ውጤት ሲመጣ ወረቀቱን ሁለቴ አንብቦ ምንም ሳይናገር ያስቀምጣል። ከከበዳችሁ እነዚህን ራሳችሁን ጠይቁ፦ ማንም ሳያዘው በየቀኑ ምን ያደርግ ነበር? ቤት ውስጥ መኖሩን በምን ድምፅ ነበር የማውቀው? እኔ ዛሬ ሳላስበው የማደርገው የእሱ ነገር የቱ ነው?

እኔ መልሱን ያገኘሁት በሁለተኛው ጥያቄ ነው፣ ማለቴ በድምፁ።

አባቴ ማታ ማታ በር ያረጋግጣል። ሁላችንም ከተኛን በኋላ የነጠላ ጫማው ድምፅ ይመጣል፣ ሸርተት ሸርተት። መጀመሪያ የጓሮው በር ጋ ይሄዳል። መቀርቀሪያውን ስቦ ያየዋል፤ ብረቱ ቀጭ ይላል። ከዚያ የፊት ለፊቱ በር። እሱ መቀርቀሪያ አንዴ አይበቃውም፣ ሁለቴ ነው የሚነካው፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ከዚያ እኛ ክፍል በር ላይ ትንሽ ይቆማል። አይገባም። አንዴ ይስልና መብራቱ ይጠፋል። ይሄ በየቀኑ ነው፤ ታሞም፣ ከእናቴ ጋር ተኳርፈውም፣ ደክሞት ወንበር ላይ እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ነቅቶም ጭምር።

ልጅ ሆኜ ስለዚህ ነገር አስቤበት አላውቅም። ዝናብ ስለመዝነቡ ማን ያስባል? የመጀመሪያዋ ልጄ ተወልዳ ሦስት ሳምንቷ ገደማ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በባዶ እግሬ የቤቴ በር ጋ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ቆልፌዋለሁ። መቆለፌን አውቃለሁ። እጄ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ቁልፉ ላይ ነበር።

በሳምንቱ ስደውልለት፣ «ሥራ?» ከሚለው በኋላ፣ እናቴን ከማገናኘቱ በፊት ባለችው ሁለት ሰኮንድ ውስጥ ተናገርኩት። «አባዬ፣ ልጅ ሆነን ማታ በሩን ስታረጋግጥ ጫማህ ይሰማኝ ነበር። እሱን ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት። ከዚያ፦

«መቀርቀሪያው ይላላ ነበር» አለ።

ቀጥሎ ስለ መቀርቀሪያው ነገረኝ። ብሎኑ እንጨቱን እየበላው እንደነበር፣ ሦስት ጊዜ ቦታ እንደቀየረለት፣ አንድ ሌሊት ነፋስ በሩን ከፍቶት እናቴ እንደጮኸች። ስድስት ደቂቃ። ከአባቴ ጋር በስልክ ስድስት ደቂቃ አውርቼ አላውቅም ነበር።

ስትናገሩ

አንድ ነገር ብቻ ምረጡ። አሥር ነገር ከደረደራችሁ የስንብት ንግግር ይመስልና ሰውዬው «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይደነግጣል። አንድ ድርጊት፣ ከዚያ እናንተ ላይ ምን እንዳደረገ፣ በቃ። «ያን ጊዜ ስወድቅ ሳትቆጣኝ አብረኸኝ እቤት መጣህ። መንገዱን ሙሉ አላወራህም። እሱ ነው ያዳነኝ።» እንዲህ ያለ ነገር።

ተናግራችሁ ስትጨርሱ መውጫ ስጡት። ወሬ ቀይሩ፣ ተነሱ፣ ሥራ ያዙ። ዓይን ዓይኑን እያያችሁ መልስ አትጠብቁ። የብዙ አባቶች መልስ «እሱ ምን አላት» ነው፤ ወይ ጭራሽ «ጎማህን ነፋኸው?» ይላችኋል። እሱን እንደ መልስ ቁጠሩት። ጎማው መልስ ነው።

ማፈር አለ፣ አውቃለሁ። እኔ ያቺን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሦስት ጊዜ ደውዬ ሳልናገር ዘግቻለሁ። ስለዚህ እፍረት አንድ የሚያጽናና ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች ሰዎች የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉ አድርገው ተቀባዩ ምን እንደሚሰማው አስገመቷቸው፤ ቀጥለው ተቀባዮቹን ራሳቸውን ጠየቁ። ጸሐፊዎቹ ሰውዬው የሚሸማቀቀውን አጋንነው፣ የሚደሰተውን ደግሞ አሳንሰው ነበር የገመቱት። ጸሐፊዎቹን ያስጨነቃቸው ቃላት መምረጡ ነበር፤ ተቀባዮቹ ግን ያዩት ፍቅሩን ነው። እና ዓረፍተ ነገሩን ለማሳመር ሁለት ወር አትፍጁ።

በአፋችሁ ከከበዳችሁ ጻፉት። ግን ራሳችሁ ስጡት፤ ይሄን የምለው በምክንያት ነው። ደራሲው ፍራንዝ ካፍካ እ.ኤ.አ. በ1919 ለአባቱ ከመቶ ገጽ በላይ የሆነ ደብዳቤ በእጁ ጻፈ። ምስጋና አልነበረም፤ አብዛኛው ለምን እንደሚፈራው የሚያስረዳ ነው። ወዳጁ ማክስ ብሮድ እንደተናገረው ደብዳቤውን ለአባቱ እንድታደርስለት ለእናቱ ሰጣት። እናቱ ለአባትየው ሳትሰጥ መልሳ ለካፍካ አስረከበችው። እንግዲህ ያን የሚያህል ጸሐፊም «እናትህን ላገናኝህ» ላይ ነው የቀረው።

የዕድሜ ሒሳብ

ይሄ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ነገር ነው፣ አምስት ደቂቃም አይፈጅም።

በአባታችሁ ላይ የያዛችሁትን አንድ ቂም አስቡ። ትልቁን አይደለም፤ ትንሽ፣ ግን እስከ ዛሬ የሚቆረቁር። የዚያን ቀን እናንተ ስንት ዓመታችሁ ነበር? እሱስ ስንት ነበር? ጻፉት። ከጎኑ የዛሬ ዕድሜያችሁን ጻፉ።

የእኔ እንዲህ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ውስጥ ግጥም ላነብ ነበር። እመጣለሁ ብሎኝ አልመጣም። እያነበብኩ በሩን ሳይ መስመር ዘለልኩ። ማታ ሲመጣ «ሥራ ነበረኝ» ብቻ አለ። ይህን ለሠላሳ ዓመት ይዤዋለሁ። ሒሳቡን ስሠራው አባቴ የዚያን ቀን 35 ዓመቱ ነበር። እኔ አሁን 41 ነኝ። ሦስት ልጅ፣ እስከ ወር መጨረሻ የማይደርስ ደመወዝ፣ ፈቃድ ለመጠየቅ የሚፈራው አለቃ ያለው የ35 ዓመት ወጣት። ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘው ታናሼ ነው። ትከሻውን መታ አድርጌ «አይዞህ፣ ያልፋል» እለው ነበር።

ቂሙ ጠፋ አልልም። ግጥሙን ሳስብ አሁንም ትንሽ ይለኛል። ግን በሩ ላይ የምጠብቀው ሰው ተቀየረ፤ ሁሉን ማድረግ እየቻለ ያላደረገ ትልቅ ሰው መስሎኝ ነበር፣ ለካ እሱም ገና እየለመደው ነበር።

ገና እየለመደው ስል በአካልም ጭምር ነው። አባትነት ለወንዱ የአእምሮ ጉዳይ ብቻ ይመስለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 በፊሊፒንስ 624 ወጣት ወንዶችን ለአራት ዓመት ተኩል ያህል የተከታተለ ጥናት ወጣ። አባት የሆኑት ሰዎች ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድነት ሆርሞናቸው አባት ካልሆኑት ይልቅ በብዙ ቀንሶ ተገኘ፤ ከአባቶቹም መካከል በቀን ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ልጅ የሚንከባከቡት የበለጠ ዝቅ ያለ ነበር። ልጅን መያዝ ሰውነት ድረስ ገብቶ ይቀይራል ማለት ነው። ይሄን ሳነብ ሦስት ሳምንት የሆናት ልጄን ታቅፌ ያለምክንያት ያለቀስኩበት ሌሊት ትዝ አለኝና ቀለል አለኝ።

እንዲያወራ ከፈለጋችሁ ፊት ለፊቱ አትቀመጡ

አባቴን ፊት ለፊቱ ተቀምጬ «እስቲ ስለ ልጅነትህ ንገረኝ» ብዬው አውቃለሁ። ፖሊስ ጣቢያ የተጠራ ይመስል ነበር። ሰዓቱን ሁለቴ አየ። መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ሆነን ግን፣ ወይ የሆነ ነገር እየጠገንን፣ ወይ በእግር ስንሄድ፣ ራሱ ይጀምራል። እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል።

ስለዚህ ሥራ ፈልጉለት። የእውነት የሚያውቀውን ነገር እርዳታ ጠይቁት። ውሸት ግን አይሁን፤ እኔ አንዴ ያልተበላሸ ቧንቧ «እየኝ» ብዬው አንዴ አየት አድርጎ «ምን ፈልገህ ነው?» አለኝ።

ጥያቄው ደግሞ ትንሽ ይሁን። «ሕይወት እንዴት ነበር?» ብትሉት «ደህና ነበር» ይላችኋል፣ ልክ ነው። የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያዩት አንድ ነገር አለ፦ ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ስለ ሕይወታቸው ሲጠየቁ አብዝተው የሚያስታውሱት በግምት ከ10 እስከ 30 ዓመታቸው ያለውን ጊዜ ነው። እዚያ ግቡ። እናንተ ከመወለዳችሁ በፊት የነበረው ሰውዬ የሚኖረው እዚያ ነው። የመጀመሪያ ደመወዝህን ምን አደረግክበት? ብቻህን የኖርክበት የመጀመሪያ ክፍል መስኮቱ ወደየት ነበር? የልብ ጓደኛህ ማን ነበር፣ አሁን የት ደረሰ? ምን መሆን ፈልገህ ነበር የቀረው? እናቴን ስታያት ምን ለብሳ ነበር? መስኮቱን የጠየቅኩት ቀልድ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መስኮት እንዳልነበረው ነገረኝ። ቀጥሎም ለአሥራ አንድ ወር ጠዋት መሆኑን የሚያውቀው በጎረቤት ሬዲዮ እንደነበር።

የድሮ ፎቶ ካለ አውጡ። እሱን ሳይሆን ከጎኑ የቆመውን የማታውቁትን ሰው ጠይቁት። «ይሄ ማነው?» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ይረዝማል፤ እናንተ በሌላ ጥያቄ ልትሞሉት ትቸኩላላችሁ፣ እኔም እቸኩል ነበር። በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። አባቴ ስምንት ላይ ነው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው።

ጆሮውን አስመርምሩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለዓመታት የተሳሳትኩት እዚህ ነው።

አባቴ ስናወራ «እሺ»፣ «ጥሩ»፣ «ይሁን» ማብዛት ጀምሮ ነበር። ጨዋታ ላይ ሁሉም ሲስቅ ትንሽ ዘግይቶ ይስቃል። ግድ የለውም ብዬ ነበር። እንዲያውም አንዴ ስለ አዲሱ ሥራዬ ስነግረው «እሺ» ብሎ ስልኩን ለእናቴ ሲሰጣት ሳምንት ሙሉ አኩርፌያለሁ። በኋላ እህቴ ሐኪም ጋ ወሰደችው። የሁለቱም ጆሮዎቹ የመስማት አቅም ቀንሷል።

ከዕድሜ ጋር የሚመጣ የመስማት ችግር ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ሰውዬው ራሱ ላያውቀው ይችላል። መጀመሪያ የሚሄዱት ቀጭን ድምፆች ናቸው፤ እንደ ስ፣ ሽ፣ ፍ ያሉት። ንግግሩ ይሰማዋል፣ ቃሉ ግን አይለይለትም፤ ለዚህ ነው «እሰማለሁ፣ ግን አትንተባተቡ» የሚሉት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ60 ዓመት በላይ ከሆኑ ሰዎች ከ25 በመቶ የሚበልጡት ኑሯቸውን የሚያውክ የመስማት ችግር አለባቸው። ከአራት አንዱ ማለት ነው። ስልክ ላይ ደግሞ ይብስበታል፤ ከንፈርና ፊት የሚባል እርዳታ የለማ።

እና አባታችሁ ዝምተኛ እየሆነ ከመጣ ከማኩረፍ በፊት ጆሮውን አስመርምሩ። ስታወሩት ቴሌቪዥኑን ዝጉ፣ ብርሃን ፊታችሁ ላይ በሚያርፍበት በኩል ተቀመጡ፣ ዝግ ብላችሁ ተናገሩ። አትጩሁ። ጩኸት ድምፁን ያበላሸዋል እንጂ አያጠራውም፣ ሰው ፊት ያሳፍረዋልም። ያልሰማውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ከመድገም በሌላ ቃል በሉት። አባቴ አሁን መስሚያ መሣሪያ አለው። ግማሽ ቀን መሳቢያ ውስጥ ነው የሚውለው፣ ግን አለው።

ድምፁን ቅረጹ

እ.ኤ.አ. በ2003 ስቶሪኮርፕስ የሚባል ድርጅት በኒው ዮርክ ትልቁ የባቡር ጣቢያ ውስጥ አንዲት ትንሽ የቀረጻ ክፍል ከፈተ። የሚተዋወቁ ሁለት ሰዎች ይገባሉ፣ 40 ደቂቃ ይጨዋወታሉ፣ ይቀረጻል። በቃ። ከዚያ የወሰድኩት 40 ደቂቃዋን ነው። ሙሉ ታሪኩን እቀርጻለሁ ያለ ሰው አይጀምርም። 40 ደቂቃ ግን ማንም አያጣም።

አሠራሩ ቀላል ነው። አስቀድማችሁ አስፈቅዱት፤ ተደብቆ መቅረጽ ነውር ነው፣ ሲያውቅባችሁ ደግሞ ሁለተኛ አያወራችሁም። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ ጥሩው ቦታ ላይ ሲደርስ የሚደውል ሰው አይጠፋም። ወደ እሱ አስጠጉና ጠረጴዛ ላይ ለስላሳ ጨርቅ ነገር አንጥፋችሁ አስቀምጡት። አንድ ደቂቃ ሞክራችሁ አዳምጡ። መጀመሪያ ላይ ቀኑን፣ ስሙንና ያላችሁበትን ቦታ ራሱ ይናገር፤ ይሄ ያፍታታዋል፣ በኋላም ፋይሉን ለመለየት ይጠቅማል። የዚያኑ ቀን ሌሎች ሁለት ቦታዎች ላይ ኮፒ አድርጉ።

ከመጀመራችሁ በፊት ስልኩ ባዶ ቦታ እንዳለው እዩ። ይሄን ለምን እንደምል ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቀን አባቴ ስለ ወንድሙ አወራ። በልጅነቱ ስለሞተው፣ በቤታችን ስሙ ተነስቶ ስለማያውቀው። አንድ ሰዓት ያህል። ጨርሰን ስልኩን ሳነሳው «ሚሞሪ ሞልቷል» ይላል። የተቀረጸው ሰባት ደቂቃ ነው፣ ከሰባቱም አራቱ ወንበር ስናስተካክል ነው። ዳግመኛ ጠይቄው ነበር። «ነገርኩህ እኮ» አለኝ።

አባትየው ጥሩ ካልነበረስ?

አባቱን ለማመስገን የሚገደድ ሰው የለም። ጎድቷችሁ ከሆነ፣ ጥሏችሁ ሄዶ ከሆነ፣ ይሄ ጽሑፍ እናንተን ወደዚያ በር የሚመልስ አይደለም። «አባት ነው እኮ» የሚሏችሁ ሰዎች የዚያን ቤት ሌሊት አያውቁትም። አንዳንድ ሰው ደግሞ ነገሩ ድብልቅ ነው፤ ይማታ ነበር፣ ደብተር ግን አጉድሎብን አያውቅም። ደብተሩን ማመስገንና ዱላውን አለመርሳት አብረው ይኖራሉ። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

የአባትን ሥራ የሠራላችሁ ሌላ ሰው ካለ፣ አጎት፣ የእንጀራ አባት፣ ታላቅ ወንድም፣ ብቻዋን ያሳደገች እናት፣ ከላይ ያለው ሁሉ ለእሱ ወይም ለእሷ ይሠራል። እንደዚህ ያለውን ሰው ደግሞ አመስግኖት የሚያውቅ የለም፤ ግዴታው አልነበረማ።

የሞተስ?

ያላችሁን ድምፅ ዛሬ አትርፉ። የድምፅ መልእክት፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ ከኋላ ሲስቅ የሚሰማበት ነገር፤ ስልክ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ጓደኞቹን ፈልጉ። የሥራ ባልደረባ ከሆነ ደግሞ በጣም ጥሩ፣ እናንተ የማታውቁትን ሰው ነው የሚያውቀው። አባቱን በቅርብ የቀበረ አንድ ወዳጄ የአባቱን የድሮ ባልደረባ አግኝቶ «አባትህ እኮ ቀልደኛ ነበር» ሲለው አላመነም። ሦስት ቀልድ ነገረው። አሁን በየሄደበት እነዚያን ሦስት ቀልዶች ነው የሚያወራው። አያስቁም፣ ግን እንስቅለታለን።

ስጦታና የአባቶች ቀን

ስጦታ ላይ ብዙ አልልም። ካልሲ አለው። ከገዛችሁ እሱ እያለቀበት የማይገዛውን ነገር ግዙ፤ የአባቴ መነጽር አንድ እግሩ በክር ታስሮ ሁለት ዓመት ሠርቷል።

የአባቶች ቀንን ግን እወደዋለሁ፣ አጀማመሩ ስለሚገርመኝ። ሶኖራ ስማርት ዶድ የምትባል አሜሪካዊት እናቷ ስትሞት አባቷ እሷንና ወንድሞቿን፣ ስድስት ልጆችን ብቻውን አሳደገ። ስለ እናቶች ቀን ስትሰማ «የእኔስ አባት?» አለች። የመጀመሪያው በስፖካን ከተማ ሰኔ 19 ቀን 1910 እ.ኤ.አ. ተከበረ። በአሜሪካ የእናቶች ቀን በ1914 በይፋ ሲታወጅ የአባቶች ቀን ቋሚ ሕግ የሆነው በ1972 ነው። 58 ዓመት ዘግይቶ! አባቶች ወረፋ መያዝ ላይ ጎበዝ አይደሉም።

ቀኑ ለመጀመሪያ ጥሩ ነው፣ ግን አንዴ አይበቃም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ሰዎች የምስጋና ደብዳቤ ጽፈው ራሳቸው ሄደው እንዲሰጡ ተደረገ። ጸሐፊዎቹ የተሰማቸው ደስታ አንድ ወር ያህል ቆየ፣ በሦስተኛው ወር ግን ጠፋ። እኔ ስለዚህ በወር አንድ ነገር ብዬ ይዣለሁ። ስልኬ ላይ ዝርዝር አለ። መቀርቀሪያው ተነግሯል። ሬዲዮው ተነግሯል። ግጥሙ ገና ነው፣ እሱን እንዴት እንደምለው አላወቅኩም።

ባለፈው ሳምንት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። የእሱ ቁጥር ነው። እሱ አይደውልም፣ የሚደወልለት ሰው ነው። ደንግጬ አነሳሁት።

«እማዬ ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። ተኝታለች።»

«ታዲያ?»

ዝም አለ። መቁጠር ጀመርኩ። ስምንት ላይ ደረስኩ።

«ያ መቀርቀሪያ» አለ። «ዛሬ ቀየርኩት። አዲስ ነው። ድምፅ የለውም።»